የእናትሽን ጽዋ ተቀበይ

ደብዳቤው (አጠር ተደርጎ)

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሟች እናቴ ባወረሰችኝ ቤት፣ ከስድስት ዓመት ልጄ ጋር ነው። በ18 ዓመቴ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ስሄድ ደላላው ‹በዚህ ስም ሥራ አታገኚም› ብሎ ስሜን አስቀየረኝ። ማዕተቤንም ከመሳፈሬ በፊት በገዛ እጄ በጠስኩት። ጅዳ ውስጥ ሁለት ዓመት በሰው ቤት ከሠራሁ በኋላ ከአሠሪዎቼ ጠፍቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ መጻፍ አልችልም። ያለ ጋብቻ ከአንድ ሰው ጋር ኖርኩ፤ መጠጥ በድብቅ በሚሸጥበት ቤት ሠራሁ፤ ልጄን ወለድኩ። ተይዤ ስመለስ የመጣሁት እርሷን አዝዬ ነው።

ሰንበት ሰንበት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ከግቢው ዛፍ ሥር እቆማለሁ። ካህኑ ‹ንጹሕ የሆነ ከቁርባኑ ይቀበል፣ ንጹሕ ያልሆነ ግን አይቀበል› ሲሉ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ነጠላዬን ተከናንቤ እወጣለሁ። ከተመለስኩ ጀምሮ አንድም ቅዳሴ እስከ መጨረሻው አስቀድሼ አላውቅም። ልጄ ክርስትና አልተነሣችም። የጎረቤት ልጆችን አንገት እያየች ‹የእኔስ ክር የታለ?› ትለኛለች።

እናቴ የኪዳነ ምሕረትን ማኅበር 27 ዓመት ጠጥታለች። ሙት ዓመቷ ሲወጣ ማኅበርተኞቹ ‹ጽዋዋ እንዳይወድቅ አንቺ ተቀበይ› አሉኝ። አንዲት እናት ግን ‹ይህ ጽዋ እንዲህ ለኖረ ሰው አይሆንም› አሉ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። እኔም መልስ ሳልሰጥ ከቤቱ ወጣሁ። አሁንም ሠፈሩ ያወራል፤ ቡና የሚጠራኝ የለም፤ ልጄን ከልጆቻቸው ጋር እንዳትጫወት የሚጠሩ አሉ። ቤተ ክርስቲያን እንደ እኔ ላለ ሰው ቦታ አላት? ጽዋውንስ ልቀበል ወይስ ልተው?

ደግሞ አንድ ነገር፤ ጅዳ አብራኝ የኖረች ጓደኛዬ ለእናቷ እንዳደርስላት የሰጠችኝ 6,000 ሪያል ነበር። አላደረስኩም።

ከውጭ የቆመችው ነኝ።»

መልስ

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ዐይኔ በደላላው፣ በተበጠሰው ክር፣ በሠፈሩ ሐሜት ላይ ቆየ። በሦስተኛው ግን ከሁሉም በታች፣ ልትሰናበቺ ስትይ ጣል ያደረግሻት መስመር ያዘችኝ። ስለ ጎረቤት አፍ አብራርተሽ ጽፈሽ ስለ ጓደኛሽ ገንዘብ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናገርሽ። ወደ እርሱ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም እግርሽን ከዛፉ ሥር ያሰረው ሐሜቱ አይመስለኝም።

በቅድሚያ ግን ለጥያቄሽ መልስ ልስጥ። ቦታ አለሽ። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ያህል አይደለም፤ ራስሽ ከጻፍሽው ተነሥቼ ነው።

ካህኑ ያንን ቃል የሚናገሩት መቼ እንደሆነ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ጸሎተ ሃይማኖት ተደርሶ ካበቃ በኋላ እጃቸውን ታጥበው፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው ነው። የሚናገሩትም ስለ ቁርባኑ ነው። ንጹሕ ያልሆነ ከሥጋ ወደሙ አይቀበል አሉ እንጂ ከቅዳሴው ይውጣ አላሉም። ቃላቸውም እዚያ ላይ አያቆምም፤ በልቡ ቂም የያዘም አይቅረብ ብለው ይቀጥላሉ፤ ቂመኛውና በዝሙት ሐሳብ የተያዘው ጎን ለጎን ይጠራሉ። አንቺ የራስሽን ብቻ ሰምተሽ ስለምትወጪ ሌላው ሰውም እዚያው ቆሞ የራሱን እንደሚሰማ አላየሽም። ልጅሽን ከልጆቻቸው ነጥለው የሚጠሩት እናቶችም በዚያች ደቂቃ ተጠርተዋል። ደግሞ አንቺ ነጠላሽን ተከናንበሽ በሩ ጋ በምትደርሺበት ጊዜ ዲያቆኑ ምን እያለ ነው? እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ እያለ ነው። ሰው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ እጅ የሚነሣበት ሰዓት ነው። እስከ ዛሬ ሰንበት በመጣ ቁጥር ልክ ሰላምታ ሊሰጥሽ ሲል ወጥተሻል።

በሚመጣው ሰንበት ከዛፉ ሥር ቁሚ፤ ግን አትውጪ። ዲያቆኑ በሰላም ግቡ ብሎ እስኪያሰናብት ቆዪ። ለጊዜው ከዚህ በላይ አልጠይቅሽም። ዛፉ ሥርም ቢሆን የተጣለ ሰው ቦታ አይደለም። ዐጸዱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በአገራችን ከቅኔ ማኅሌቱ ውጭ፣ ከግንቡ ሥር፣ ከበሩ ደጃፍ ቆሞ የሚያስቀድሰው ሕዝብ ከውስጡ ይበዛል። አንዱ ልማድ ሆኖበት ነው፤ አንዱ እንደ አንቺ ፈርቶ ነው፤ አንዷ የወር አበባዋ ሆኖ ነው። ከውስጥ የቆመውም ቢሆን አብዛኛው አይቆርብም። ቁርባን የሕፃናትና የአረጋውያን ብቻ እስኪመስል ድረስ መካከለኛው ዕድሜ እርቆ መቆሙ ለዘመናት የቆየ ልማዳችን ነው። ደግ ልማድ ነው አልልም። ግን «ሁሉም ገብቷል፣ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ» ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ ከአጠገብሽ የቆሙትን ቀና ብለሽ እዪአቸው።

አሁን ወደ ማኅበሩ። እናትሽ 27 ዓመት የጠጣችው የማንን ጽዋ ነው? የኪዳነ ምሕረትን። ወር በገባ በ16 የሚዘከረው፣ በየካቲት 16 በዓመት የሚነግሠው ቃል ኪዳን ማንን እንዳዳነ በዚያ ቤት የተቀመጠች እናት ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታለች፤ በላዔ ሰብእን። 78 ነፍስ የበላ ሰው፤ ቤተሰቡን እንኳ ያልማረ። በመንገድ ላይ ያገኘው አንድ በሽተኛ ድሃ ውኃ ለመነው። በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው እንቢ አለ፤ በቅዱሳን ስም ቢለምነው እንቢ አለ፤ በመጨረሻ ስለ እመቤታችን ብሎ ቢለምነው አንዲት ጥርኝ ውኃ በእጁ ላይ ጠብ አደረገለት። ከሞተ በኋላ ነፍሱ ስትመዘን ያች ጥርኝ ውኃ በአንዱ ወገን ተቀመጠች፤ እመቤታችን ጥላዋን ጣለችባት፤ ሚዛኑም ደፋ። በጣና ሐይቅ፣ ዘጌ፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ከተሣሉት ታሪኮች አንዱ ይህ ነው። ከቅዱሳኑ ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ ነው የተሣለው፤ ከደጅ አልተተወም።

ይህን ታሪክ ኃጢአትን ለማቅለል የሚጠቅሱት ሰዎች ያሳዝኑኛል። እኔ የምጠቅስልሽ ስለ ጽዋው ብቻ ነው። በዚህ ቃል ኪዳን ስም የሚሰበሰብ ማኅበር «እንዲህ ለኖረ ሰው አይሆንም» ካለ የተሰበሰበበትን ስም ረስቷል ማለት ነው። እኒያ እናት ክፉ ሴት ናቸው ብዬ አልፈርድም። ምናልባት እናትሽን በጣም ይወዱ ነበር፤ ጽዋዋ የተዋረደ መስሏቸው ይሆናል። ሌሎቹ ዝም ማለታቸውን ግን ሁሉም ከእርሳቸው ጋር ተስማምቶ ነው ብለሽ አትተርጉሚው። በእናቶች ማኅበር ውስጥ ዝምታ ብዙ ጊዜ ድንጋጤ ነው። «ተቀበይ» ያሉሽ እነርሱው ነበሩ፤ ቃላቸውን አላነሡም።

አሁን የጻፍሽልኝን ሸክም አብረን እንፍታው። አንድ ላይ ጠቅልለሽ ስለተሸከምሽው ክብደቱ የማይቻል ሆኖብሻል።

ከአሠሪዎችሽ ቤት መጥፋትሽን ከበደልሽ ጋር የደመርሽው ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አንቺ በነበርሽበት ጊዜ ከፋላ የሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ያስር ስለነበር ከዚያ ቤት የወጣች ሴት ወዲያው ሕገ ወጥ ትባል ነበር። ያ የወረቀት ጉዳይ ነው። ለንስሐ አባት የምትነግሪው ኃጢአት አይደለምና ከሸክሙ ላይ አውርጂው።

ማዕተብሽን መበጠስሽ ጥፋት ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን ጴጥሮስን አስቢ። ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ በፍም እሳት ዙሪያ እየሞቀ ነበር። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ «ትወደኛለህን?» ብሎ ሦስት ጊዜ የጠየቀው የት ነው? እዚያም ፍም ነበር፤ ዓሣና እንጀራ ነበረበት። ዮሐንስ ሁለቱንም ፍም ጽፎልናል። ጴጥሮስ በካደበት ዓይነት እሳት ዳር ቁርስ ቀረበለት። ለአንቺም የሚሆን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን አላት። ጥምቀት አንዲት ስለሆነች ዳግመኛ አትጠመቂም፤ ከሃይማኖት ርቆ ለተመለሰ ሰው ግን መጽሐፈ ቄድር የሚባል ጸሎት አለ፤ በውኃ ላይ ተጸልዮ በሰውየው ላይ ይረጫል። ያስፈልግሻል ወይስ አያስፈልግሽም የሚለውን የሚወስኑት ካህኑ ናቸው። እኔ የምነግርሽ ይህ መንገድ ከአንቺ በፊት ብዙ ሰው የሄደበትና የተጠረገ መሆኑን ነው።

ስለ ሰውየውና ስለ ጅዳው ቤት አልጠይቅሽም። ለእኔም፣ ለማኅበሩም፣ ለጎረቤትም አትናገሪ። ለአንድ የንስሐ አባት ንገሪ፤ አንዴ፣ ሙሉውን። ንስሐ አባትን በዓመት አንድ ጊዜ ለጠበል መርጫና ለድግስ የሚጠራ ሰው አድርገነዋል፤ አንቺ እንዲህ አታድርጊ። የእናትሽ የንስሐ አባት ካሉና ከከበዱሽ ሌላ መምረጥ መብትሽ ነው። የሰሙትን ለማንም አያወጡም፤ ያ ግዴታቸው ነው። ጾምም፣ ስግደትም፣ ምጽዋትም ቢሆን ቀኖና ይሰጡሻል። ቀኖናሽን ፈጽመሽ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ካሉሽ በኋላ ያንኑ ኃጢአት ተሸክመሽ ወደ ሌላ ካህን አትሂጂ። ስለ ቁርባኑም ከእርሳቸው ጋር ተማከሪ።

ልጅሽን ደግሞ በፍጹም በበደል መዝገብ ውስጥ አታስገቢያት። እርሷን ደሴ ድረስ አዝለሽ አምጥተሻታል።

የቀረው ገንዘቡ ነው።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲባል እናትሽም ቤት ሳትሰሚው አልቀረሽም። ጓደኛሽ ያንን ገንዘብ እንዴት እንዳጠራቀመችው ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በሰው ወለል ላይ ተንበርክካ ነው። እናቷም ይደርሰኛል ብለው ጠብቀዋል። አላደረስኩም ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ ምን ላይ እንዳዋልሽው አልነገርሽኝም። ለልጅሽ ወተት አውለሽው ሊሆን ይችላል፤ ሲይዙሽ ተወስዶብሽ ሊሆን ይችላል። ምንም ይሁን ምን ዕዳው አለ። ሌላው በደልሽ ሁሉ በአንቺና በእግዚአብሔር መካከል ነው፤ ይህኛው ግን ሌላ ሰው አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ ዛሬም በሕይወት አለ። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ተወውና ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ዘኬዎስም ማንም ሳይጠይቀው ነው የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው፤ ጌታም «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆነለት» አለው። በዛፍ ላይ የነበረው ሰው እንዴት ወደ ቤቱ እንደገባ ሉቃስ 19ን አንብቢ። አንቺም ዛፍ ሥር ነሽ።

እንዲህ አድርጊ። ለጓደኛሽ ከመደወልሽ በፊት የመጀመሪያውን ገንዘብ አዘጋጂ፤ ትንሽም ይሁን። ባዶ እጅ ይዞ «ይቅር በይኝ» ማለት ሌላ ነገር መለመን ነው፤ በሰጠችሽ ላይ ደግማ እንድትሰጥሽ መጠየቅ ነው። ከዚያ ደውዪ። ሰበብ አትደርድሪ። «አደራሽን በልቻለሁ፤ በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ፤ የመጀመሪያው ይኸው» በያት። ትሰድብሽ ይሆናል። ስድቡን አድምጪ፤ የእርሷ ነው። ስልኳ ካልሠራ እናቷን ፈልጊ፤ የገንዘቡ ባለቤት እርሳቸውም ናቸው። ሁለቱንም ጨርሶ ካጣሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪና በእርሷ ስም ለድሃ የሚሰጥበትን መንገድ ያሳዩሽ፤ ግን ወደዚህ የመጨረሻው መንገድ ፈጥነሽ አትሩጪ፤ ቀላሉ እርሱ ነውና። ይህን ሳትጀምሪ ጽዋውን ብትቀበዪ ማኅበርተኛው ሁሉ እልል ቢልልሽ እንኳ ከዛፉ ሥር እንዳለሽ ትቀሪያለሽ ብዬ እፈራለሁ። ጀምሪ አልኩሽ እንጂ ጨርሺ አላልኩሽም። የመጀመሪያው ክፍያ በደረሰ ማግስት ጽዋው የአንቺ ነው።

እኒያ እናት ዘንድ ብቻሽን አትሂጂ። በማኅበር ወግ የተጣላ ሰው ካልታረቀ ጽዋ አይጠጣም፤ የማኅበሩ መሪ የሆነው ሙሴው ወይም ጸሎት የሚያደርሱት ካህን ሁለቱን ያቀራርባሉ። ለማኅበሩ ሙሴ «ጽዋውን እቀበላለሁ፤ ቅር ያላቸው እናት ስላሉ አስቀድመው ያስታርቁን» በይ። ሕይወትሽን ለመተረክ አትገደጂም። ቢጠይቁሽ «ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ» ማለት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ማኅበርተኛ የካህኑን ሥራ ነው የሚሻማው።

አንድ ሰው ላስታውስሽ። ልጅ ሳለሁ በቤታችን የሚካኤል ማኅበር ነበረ፤ እናቴ ማኅበርተኛ ነበረች። ሰው ገድሎ ብዙ ዓመት ታስሮ የወጣ አንድ አናጢ ወንድሙን ተክቶ ገባ። ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ዝቅ ባለው መደብ ላይ ይቀመጥ ነበር። ወጥ ከመቅረቡ በፊት ማንም ሳያዝዘው ማንቆርቆሪያውንና ሳህኑን ያነሣና ከካህኑ ጀምሮ እስከ እኛ ልጆች ድረስ ያስታጥባል። እኔ እጄን ስዘረጋ ውኃውን ቀስ አድርጎ ያፈስሰው ነበር፤ እጁ ሰፊ ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ የመጋዝ ጠባሳ ነበረበት። ተራው ደርሶ ጽዋውን የሚቀበልበት ቀን መጣ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ እስከ አፉ ጠላ ተሞልቶ ሲሰጠው እጁ ተንቀጠቀጠና ጠላው በእጅጌው ላይ ፈሰሰ። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በነጠላዋ ጫፍ እጅጌውን እየጠረገች «ይፍሰስ፣ በረከት ነው» አለችው። በሚቀጥለው ወር በ12 እርሱ ቤት ስንሄድ ከደጁ ጀምሮ ሣር ጎዝጉዞ፣ ሁሉንም አግዳሚ ወንበር ራሱ ሠርቶ ጠበቀን። በዚያ ቀን ያልመጣ ማኅበርተኛ አልነበረም።

አንቺም ወደ ማኅበሩ ስትገቢ ከእንግዳ ቦታ አትቀመጪ። ቀድመሽ ሂጂ፤ እንጨት ፍለጪ፣ እንጀራ ቁረሺ፣ አስታጥቢ። አብሮ የሠራ እጅ ቶሎ ይላመዳል። ሐሜቱ በአንድ ወር አይቆምም። የሚያወሩት የሚያውቁትን ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚያውቁት ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል።

የልጅሽ ክርስትና አይዘግይ። ለሴት ሕፃን በተወለደች በ80 ቀን ነው ቢባልም ያለፋት ልጅ በማንኛውም ዕድሜ ትጠመቃለች፤ አባቷ አለመኖሩም አይከለክላትም። ስድስት ዓመቷ ስለሆነ አስቀድማ ጥቂት ትማራለች፤ ጸሎተ ሃይማኖቱንም በቃሏ ብታጠና ደስ ይለኛል። የክርስትና እናት ያስፈልጋታል። ከማኅበሩ እናቶች መካከል አንዷን ጠይቂ። ድፍረት አይምሰልሽና ከታረቃችሁ በኋላ እኒያን «አይሆንም» ያሉትን እናት ራሳቸውን ጠይቂ። እሺ ካሉ ልጅሽ በዚያ ሠፈር ውስጥ ዕድሜ ልኳን የምትገባበት አንድ ተጨማሪ ቤት አገኘች፤ አንቺም ክርስትና እናት ያለሽ ያህል ነው። እንቢ ካሉ ሌላዋን ጠይቂ።

የክርስትና እናትዋ ለልጅሽ ማዕተብ ልግዛ ስትል እኔ ገዝቻለሁ አትበያት። እርሷው ትግዛው። ክሩን ግን ረዘም አድርጋ ታስቆርጠው፤ ለሁለታችሁም እንዲበቃ።